ጉልበቷን ያማታል፣ የጉልበቷ ራጅ ግን ንጹሕ ነው፤ የዳሌ አርትራይተስ ይሆን?

ጥያቄ | ተሀድሶ_ክፍል

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ አንዲት የ57 ዓመት ታካሚ ሐሳብ እንድታካፍሉኝ ነው። ለፊዚዮቴራፒ የተላከችው «የቀኝ ጉልበት ሕመም» ተብላ ነው። የጉልበቷ ራጅ ምንም አያሳይም። እብጠት የለም፣ መታጠፍና መዘርጋቱ ሙሉ ነው፣ ሲዳሰስም አያማትም። ሕመሙ ከጉልበቷ ከፍ ብሎ በጭኗ ፊት ለፊት ይጠዘጥዛታል፤ ከጀመራት ስምንት ወር ሆኗታል። ጠዋት ስትነሳ ለ10 ደቂቃ ያህል ትደርቅና ከዚያ ይላቀቃታል። ብዙ ስትሄድ ይብስባታል፣ ስታርፍ ይቀላታል። የቀኝ እግሯን ካልሲ ከፊት ማጥለቅ አቅቷት ጉልበቷን ወደ ኋላ አጥፋ ነው የምታስገባው። ወገቧንም አልፎ አልፎ ያማታል።

ዳሌዋ ይሆን? ከሆነስ ከወገብ ነርቭና ከዳሌ ጎን የጅማት ሕመም በእጅ ምርመራ እንዴት ልለየው? ራጅ ካስፈለገ ምን ተብሎ ይታዘዝ? መቼስ ነው ጊዜ ሳልሰጥ ወደ ሐኪም መመለስ ያለብኝ?

መልስ 1 | መገጣጠሚያ_ፊዚዮ

ካልሲዋን ከኋላ ታስገባለች ያሉት ላይ ቆም ይበሉ፤ ግማሹ መልስ እዚያ አለ። ካልሲ ከፊት ለማጥለቅ ዳሌ በጣም መታጠፍና ወደ ውጭ መዞር አለበት። ዳሌው እምቢ ሲል ሰው ሳይታወቀው እግሩን ከበስተኋላው መያዝ ይጀምራል። የእግር ጥፍር መቁረጥ ማቃት፣ የጫማ ክር ለማሰር መቸገር፣ መኪና ውስጥ ሲገቡ እግርን በእጅ አንስቶ ማስገባት፣ ዝቅ ካለ ወንበር ለመነሳት እጅን መደገፍ፣ ሁሉም የአንድ ቤተሰብ ምልክቶች ናቸው። ታካሚዎች «ሕመም» ብለው ስለማይቆጥሯቸው ካልተጠየቁ አያነሷቸውም።

ጉልበቷን ለምን አመማት? የዳሌን መገጣጠሚያ ስሜት የሚሸከሙት የፌሞራልና የኦብቱሬተር ነርቮች ቅርንጫፎች ናቸው፤ እነዚሁ ነርቮች ወደ ጉልበትም ይወርዳሉ። ስለዚህ የዳሌው መገጣጠሚያ ሲጎዳ አንዱን ብሽሽቱን፣ ሌላውን የጭኑን ፊት፣ አንዳንዱን ደግሞ ጉልበቱን ብቻ ያመዋል። ጉልበቴን ብሎ የመጣ ሁሉ ዳሌው ሳይታይ አይሂድ የሚባለው ለዚህ ነው። ልጆች ላይማ ግዴታ ነው።

ቃሉ ራሱም ያሳስታል። ሰው «ዳሌዬን» ሲል እጁ የሚያርፈው መቀመጫው ወይም የጎን አጥንቱ (ከጭኑ ላይኛው ጫፍ በጎን ጎልቶ የሚዳሰሰው) ላይ ነው። መገጣጠሚያው ግን ያለው ከብሽሽት በስተጀርባ ጠልቆ ነው። «ዳሌዎን ያምዎታል?» ብለው ከጠየቁ የሚያገኙት መልስ ብዙ አይረዳዎትም። «ሕመሙ ያለበትን በእጅዎ ያሳዩኝ» ይበሏትና እጇን ብቻ ይመልከቱ። አውራ ጣቷ ወደ መቀመጫዋ፣ አራቱ ጣቶቿ ወደ ብሽሽቷ ሆነው የጎኗን አጥንት እንደ ማጭድ ከከበቡት ሕመሙ ከመገጣጠሚያው ውስጥ የመነጨ መሆኑን ይጠርጥሩ። በአንድ ጣት የጎን አጥንቷን ነጥላ ካሳየችዎት ጉዳዩ ሌላ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ምርመራው። አልጋ ጫፍ ላይ ያስቀምጧት፤ እግሯ መሬት አይንካ፣ ዳሌዋም ጉልበቷም 90 ዲግሪ ይታጠፍ። በአንድ እጅዎ ጭኗን ከጉልበቷ ከፍ ብለው አደብ ያስይዙት። በሌላው ቁርጭምጭሚቷን ይዘው እግሯን ቀስ አድርገው ወደ ውጭ ይውሰዱ። እግር ወደ ውጭ ሲሄድ የጭን አጥንት የሚዞረው ወደ ውስጥ ነው፤ ጀማሪ ሁሌ ገልብጦ የሚጽፈው እዚህ ላይ ነው። ጤናማ ዳሌ 30 ዲግሪና ከዚያ በላይ ወደ ውስጥ ይዞራል። አርትራይተስ ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚጠፋው ይህ እንቅስቃሴ ነው። ለምን ቢሉ የመገጣጠሚያው ሽፋን ይወፍራል፣ ይኮማተራል፣ ወደ ውስጥ መዞር ደግሞ ያንን ሽፋን አጥብቆ ይወጥረዋል።

አንድ የሚያታልል ነገር አለ። ዳሌዋ መዞሩን ሲጨርስ በዚያው በኩል ያለው መቀመጫዋ ከአልጋው ይነሳል፤ ዳሌው አሁንም እየዞረ ይመስላል። ስለዚህ ሰው ካለ የዳሌ አጥንቷን ጫፍ ይያዝልዎት፤ መቀመጫዋ ሊነሳ ሲል ያቁሙና እዚያ ላይ ይለኩ። ጎኒዮሜትር ከሌለዎት የስልክ አንግል መለኪያ ቅልጥሟ ላይ አስጠግተው ያንብቡ። ሁለቱንም ጎን ይለኩ፤ ከቁጥሩ ይልቅ በቀኝና በግራ መካከል ያለው ልዩነት ይበልጥ ይናገራል። በዚያ ጫፍ ላይ «የማውቀው ሕመም ይሄ ነው» ካለችዎት ደግሞ ወርቅ ነው።

ከዚያ በጀርባዋ ያስተኟትና ጉልበቷን ወደ ደረቷ ይውሰዱ። ወደ 120 ዲግሪ መድረስ ነበረበት። ጉልበቷ ቀጥ ብሎ መምጣቱን ትቶ ወደ ውጭ እየሸሸ ከመጣ ያንንም ይጻፉ። በመጨረሻ ደህናውን ጉልበቷን ደረቷ ላይ አቅፋ ትያዝ። በዚያን ጊዜ የታመመው ጭን ከአልጋው ከተነሳ ዳሌው ሙሉ በሙሉ መዘርጋት አቅቶታል ማለት ነው። ዳሌ ካልተዘረጋ ስትቆም የሚካክሰው ወገብ ነው። ወገቧን የሚያማት በዚሁ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ወገቧን ብቻ እያከሙ ወራት አያባክኑ።

መልስ 2 | ወገብና_ዳሌ

ከላይ ባለው እስማማለሁ። በመለየቱ ላይ ግን ትንሽ ልጨምር፤ ስህተት የሚበዛው እዚያ ነው።

የዳሌ ጎን የጅማት ሕመም፦ ብዙ ሰው «ቡርሳይተስ» (በአጥንቱ ላይ ያለች የፈሳሽ ከረጢት ብግነት) ይለዋል፤ አብዛኛው ግን ከጎን አጥንቱ ላይ የሚጣበቁት የመቀመጫ ጡንቻዎች ጅማት ችግር ነው። ከማረጥ በኋላ ያሉ ሴቶችን ያጠቃል፤ ስለዚህ የእርስዎ ታካሚ ዕድሜ ላይ ነው። ምልክቱ በታመመው ጎን መተኛት አለመቻል፣ አጥንቱ ሲጫን ዘልላ መነሳት፣ በታመመው እግር ብቻ 30 ሰከንድ ስትቆም ጎኗን ማመሙ ነው። ካልሲ ግን ያለ ችግር ያጠልቃሉ፣ መዞሩም አይጎድልም። ካልሲ ያቃተው የጎን ሕመምተኛ ሲያጋጥምዎ መገጣጠሚያውን እንደገና ይፈትሹ።

የወገብ ነርቭ፦ ከጉልበት በታች እስከ እግር ጣት ይወርዳል፣ ያቃጥላል፣ ይደነዝዛል። እግሯን ቀጥ አድርገው በ30 እና በ70 ዲግሪ መካከል ሲያነሱት ያ መስመር ይቀሰቀሳል። የዳሌ ሕመም ከጉልበት በታች ሊወርድ ቢችልም ብዙም አይለመድም፤ መደንዘዝ ግን አያመጣም። የላይኛው የወገብ ነርቭ፣ ማለትም ኤል3 እና ኤል4፣ ሲነካ ሕመሙ ልክ እንደ እርሷ የጭን ፊትን ይይዛል። እዚያ ጋ ግራ ይገባል። የጉልበት ሪፍሌክሷን (ከጉልበቷ ሥር በመዶሻ ሲነካ እግሯ መወርወሩን) እና የፊት ጭን ጡንቻዋን ጥንካሬ ይዩ፤ ሁለቱም ከግራው ጋር እኩል ከሆኑና ዳሌዋን ማዞር ሕመሙን ከቀሰቀሰው ነርቩን ወደ ኋላ ያድርጉት።

የወገብ ቦይ መጥበብም አለ። እሱ ቆመው ወይም ሄደው ሁለቱንም ባት ያዝላል፣ ጎንበስ ወይም ቁጭ ሲሉ ይለቃል። የዳሌ ሰው ተቃራኒ ነው፤ ብዙ ተቀምጦ ሲነሳ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት እርምጃዎች ያነክሳል፣ ከዚያ ይፍታታል፣ ርቀቱ ሲበዛ ደግሞ ይመለስበታል።

ሁለቱም ያሉበት ሰው ጥቂት አይደለም። በምርመራ መለየት ካልተቻለ ሐኪም በአልትራሳውንድ ወይም በራጅ እየተመራ መገጣጠሚያው ውስጥ ማደንዘዣ ይወጋል። ማደንዘዣው በሚሠራባቸው ሰዓታት ደረጃ ትውጣ፣ ካልሲ ታጥልቅ። የምታውቀው ሕመም በአብዛኛው ከጠፋ ምንጩ ዳሌው ነበር። ውጤቱን እቤት ሄዳ በማግስቱ «ትንሽ ተሽሎኛል» ብላ ብትነግርዎት አይጠቅምዎትም፤ በሰዓቱ ይጻፍ።

መልስ 3 | ራጅ_አንባቢ

ስለ ራጁ፦ «የቀኝ ዳሌ» ብቻ ተብሎ አይታዘዝ። ሁለቱም ዳሌዎች በአንድ ፊልም የሚታዩበት የፔልቪስ (የመላው ዳሌ አጥንት) የፊት ለፊት ራጅ ይሁን፤ ማወዳደሪያ የሌለው ዳሌ ለማንበብ ያስቸግራል። ከተቻለ ቆማ ትነሳ፣ የታመመው ዳሌ የጎን እይታም ይጨመር። እግሮቿ 15 ዲግሪ ያህል ወደ ውስጥ መዞር አለባቸው፤ አለዚያ የጭን አጥንቱ አንገት አጥሮ ይታያል። ዳሌዋ ወደ ውስጥ የማይዞር ከሆነ ግን አያስገድዷት። ባለሙያው የግራው አንገት ረዝሞ የቀኙ አጥሮ ሲያይ «መዞር ያቃተው ነው» ብሎ ያነበዋል።

እኔ የማየው አራት ነገር ነው፦ በኳሱ (በጭን አጥንት ክብ ራስ) እና በማቀፊያው (ኳሱ በሚገባበት የዳሌ አጥንት ጎድጓዳ) መካከል ያለው ክፍተት መጥበቡ፣ ጠርዝ ላይ የበቀለ አጥንት፣ ጫናው ያረፈበት ቦታ ነጥቶ መጠጠሩ፣ እና ከሥሩ የሚታዩ ጉድጓዶች። ክፍተቱ በጣም ከጠበበበት ቦታ ላይ ይለካል፤ 2 ሚሊሜትርና ከዚያ በታች ከሆነ መጥበቡ አያከራክርም። በተለመደው አርትራይተስ ብዙ ጊዜ የሚጠበው የላይኛው ክፍል ነው። ክፍተቱ ዙሪያውን እኩል ጠብቦ የበቀለ አጥንት ከሌለ ግን ሩማቶይድን የመሰለ የብግነት በሽታ ይጠርጠር። ደረጃ የምንሰጠው ኬልግሬንና ሎውረንስ በ1957 ባወጡት ከ0 እስከ 4 ባለው መለኪያ ነው።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ራጅና ሕመም እኩል አይሄዱም። ክፍተቱ ተዘግቶ እየተራመደ የሚውል አለ፤ ራጁ ምንም ሳይል እንቅልፍ የሚያጣ አለ። ልም አጥንት ነርቭ የለውም። የሚያመው የመገጣጠሚያው ሽፋንና ከሥር ያለው አጥንት ነው፤ የሽፋኑን ብግነት ደግሞ ራጅ አያሳይም። «ራጅሽ ንጹሕ ነው፣ ምንም የለብሽም» ተብላ እንዳትመለስ። ኤምአርአይ ግን ለተለመደው ጉዳይ በመጀመሪያ አይታዘዝም። የሚታዘዘው የደም ዝውውር አጥቶ የሚሞት አጥንት፣ የተሰወረ ስንጥቅ ወይም ዕጢ ሲጠረጠር ነው።

ጥያቄ (ቀጣይ) | ተሀድሶ_ክፍል

አመሰግናለሁ። ዛሬ ለካኋት። ወደ ውስጥ መዞር ግራ 34፣ ቀኝ 11 ዲግሪ። በቀኙ ጫፍ ላይ ብሽሽቷን ጨምድዳ ያዘችና «ጉልበቴ ላይ ራሱ ተሰማኝ» አለች። መታጠፍ ግራ 122፣ ቀኝ 102፤ ጉልበቷ እንዳላችሁት ወደ ውጭ ሸሸብኝ። ደህናውን እግሯን ስታቅፍ የቀኝ ጭኗ ከአልጋው ይነሳል። በቀኝ እግሯ ብቻ ስትቆም የግራ ዳሌዋ ወደ ታች ይወድቃል። የጎን አጥንቷ ሲጫን አላመማትም። የጉልበት ሪፍሌክሷ እኩል ነው፣ መደንዘዝም የለም።

መልስ 4 | የአጥንት_ሐኪም

ጥሩ አድርገው መርምረዋል። የአሜሪካ ሩማቶሎጂ (የመገጣጠሚያ በሽታዎች ሕክምና) ኮሌጅ በ1991 ባወጣው መስፈርት የዳሌ ሕመም ያለው ሰው ወደ ውስጥ መዞሩ ከ15 ዲግሪ በታች፣ መታጠፉም 115 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ በዳሌ አርትራይተስ ይመደባል። መዞሩ 15 እና ከዚያ በላይ ቢሆን ደግሞ ማዞሩ ማመም፣ የጠዋቱ መድረቅ ከ60 ደቂቃ አለመብለጥና ዕድሜ ከ50 ማለፍ ተደምረው ይቆጠራሉ። የእርስዎ ታካሚ የመጀመሪያውን በግልጽ ታሟላለች። የእንግሊዙ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም የናይስ መመሪያም ዕድሜው 45 እና ከዚያ በላይ ለሆነ፣ ሲንቀሳቀስ ለሚያመው፣ የጠዋት መድረቁ ከ30 ደቂቃ ለማያልፍ ሰው ያለ ራጅ መመርመር እንደሚቻል ይላል። ስለዚህ ራጁን መነሻ እንጂ ቅድመ ሁኔታ አያድርጉት። የእንቅስቃሴ ሕክምናውን ዛሬውኑ ይጀምሩ።

የግራ ዳሌዋ መውደቁ ግራውን አይመለከትም፤ የደከመው ቀኝ ላይ ያለው ግሉቲየስ ሚዲየስ፣ ማለትም የመቀመጫ የጎን ጡንቻ፣ ነው። በአንድ እግር ስንቆም ይህ ጡንቻ ሰውነትን ሚዛን ላይ ለማቆም ለመገጣጠሚያው ቀርቦ፣ በአጭር የማንሻ ክንድ ይጎትታል፤ የሰውነት ክብደት ግን ከመገጣጠሚያው ርቆ፣ በረጅም የማንሻ ክንድ ይወርዳል። ጡንቻው ከክብደቱ አብልጦ መሳብ ይኖርበታል፤ መገጣጠሚያው የሁለቱን ድምር ይሸከማል። በተለመደ እርምጃ ዳሌ ላይ የሚያርፈው ጫና የሰውነትን ክብደት 2.5 እጥፍ ያህል የሚሆነው ለዚህ ነው። 70 ኪሎ ለሆነ ሰው 175 ኪሎ ገደማ ማለት ነው። ከክብደቷ ጥቂት ኪሎ ቢቀንስ ከዳሌዋ ላይ የሚቀንሰው ጫና ከዚያ የሚበልጠውም ከዚሁ የተነሳ ነው።

አሁን ጊዜ የማይሰጣቸው፦

ትኩሳት ኖሮ እግሯን መርገጥ ካቃታት፣ ትንሽ ማዞር እንኳ የማይቻል ከሆነ፣ መገጣጠሚያው መግል ይዞ ሊሆን ይችላል። በዚያው ቀን ሆስፒታል።

ወድቃ ከሆነ፣ ወይም ሳትወድቅ በድንገት መርገጥ ካቃታት፣ የጭን አጥንት አንገት ስብራት። የመጀመሪያው ራጅ ንጹሕ ቢሆንም ሕመሙ ከቀጠለ ኤምአርአይ ወይም ሲቲ ይደረግ።

ካንሰር የነበረባት፣ ክብደቷ ያለ ምክንያት የቀነሰ፣ ተኝታም የማይለቃት የሌሊት ሕመም ያላት ከሆነ።

ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ የወሰደ፣ ብዙ አልኮል የሚጠጣ ወይም የሲክል ሴል በሽታ ያለበት ሰው ብሽሽቱን በድንገት ሲያመው የኳሱ አጥንት ደም አጥቶ እየሞተ ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያ ራጁ ደህና ነው። የሚያሳየው ኤምአርአይ ነው፤ አጥንቱ ሳይደረመስ ካልተደረሰ በኋላ የሚቀረው አማራጭ ጠባብ ነው።

ዕድሜው ከ45 በታች ሆኖ ጠዋት ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚደርቅና ሲንቀሳቀስ የሚሻለው፣ ሌሊት ሁለተኛው አጋማሽ ላይ የሚያነቃው ሰው የብግነት አርትራይተስ ይጠርጠር፤ ወደ ሩማቶሎጂ ይላክ። ወጣት ሆኖ ብሽሽቱን ሲቀመጥ የሚያመውና መገጣጠሚያው ውስጥ ጠቅ የሚልበት ደግሞ ከልደት ጀምሮ የማቀፊያው ጥልቀት ያነሰ ወይም የአጥንቱ ቅርጽ የሚጋጭ ሊሆን ይችላል።

እሷ ላይ እነዚህ ከሌሉ፣ ሳምንት ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ቀን የመቀመጫና የጭን ጡንቻ ሥራ ትሥራ፦ ጎን ተኝቶ እግር ማንሳት፣ በጀርባ ተኝቶ መቀመጫን ከፍ ማድረግ፣ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ። እያንዳንዱን ከ8 እስከ 12 ጊዜ፣ በሁለት ወይም ሦስት ዙር። ሲሠሩ ማመሙ አያስፈራም፤ ሕመሙ ከ0 እስከ 10 ሲለካ ከ5 ካልበለጠና በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ነበረበት ከተመለሰ ይቀጠል። በማግስቱ ከባሰባት ዙሩን ይቀንሱ፤ ሥራውን አያስቁሟት። ከ6 ሳምንት በፊት «አልሠራም» ማለት ቸኩሎ መፍረድ ነው። የሚቀቡ የሕመም ማስታገሻዎች ጉልበት ላይ ይረዳሉ፤ ዳሌ ግን ጥልቅ ስለሆነ አይደርሱም። የሚዋጠውን ኢቡፕሮፌን መሰል መድኃኒት ሐኪሟ ጨጓራዋን፣ ኩላሊቷንና ደም ግፊቷን አይቶ ይወስን። የስቴሮይድ መርፌ ለጥቂት ሳምንታት ያሳርፋል፤ የዳሌ መተካት ቀዶ ሕክምና ከታሰበ ግን ከዚያ በፊት ባሉት ሦስት ወራት ውስጥ አይሰጥም፣ የኢንፌክሽን አደጋን ስለሚጨምር።

ጥያቄ (ቀጣይ) | ተሀድሶ_ክፍል

ሁሉንም ጻፍኩት። ምርኩዝ ልስጣት ወይ? የታመመው ቀኝ ስለሆነ በቀኝ እጇ ነው?

መልስ 5 | መገጣጠሚያ_ፊዚዮ

በግራ እጇ። በታመመው በኩል ከያዘችው ምርኩዙ ወደዚያው ያዘንብላታል፣ ጡንቻውም ከሥራው አያርፍም። በግራ ስትይዝ የግራ እጇ ከታመመው ዳሌ ርቆ፣ በረጅም የማንሻ ክንድ የሰውነቷን ክብደት ከፍ አድርጎ ይይዝላታል፤ የቀኝ ግሉቲየስ ሚዲየስ የሚስበው ይቀንሳል፣ መገጣጠሚያው ላይ የሚያርፈውም እንዲሁ።

ቁመቱን በምትራመድበት ጫማ ቆማ፣ እጇን አውርዳ ይለኩ፤ እጀታው የእጅ አንጓዋ መታጠፊያ ላይ ይድረስ። ስትይዘው ክንዷ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ይታጠፋል። ትከሻዋ ከተነሳ ረዝሟል፣ ጎንበስ ካለች አጥሯል። ምርኩዙና ቀኝ እግሯ አብረው መሬት ይንኩ። ደረጃ ስትወጣ ደህናው እግር ይቅደም፣ ስትወርድ ምርኩዙና የታመመው ይቅደሙ። የጫፉን ጎማ በየጊዜው ይዩት፤ ከተላጠ እርጥብ ወለል ላይ ይንሸራተታል።